አደራ ወይስ ሸቀጥ?

እስቲ ከአንድ ቀላል ጥያቄ እንነሣ። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል ላሙን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ሄደ እንበል። ጎረቤትየው ላሚቱን ያበላል፥ ያጠጣል፥ ሌሊት ከጅብ ይጠብቃል። ወተቷን ቢጠጣ ያስነቅፈዋል? አያስነቅፈውም፤ የደከመባት ነውና። ጥጃዋን ቢሸጥስ? እዚህ ላይ ነገሩ ማጠራጠር ይጀምራል። ላሚቱን ራሷን አርዶ ቢበላስ? ይህን ላደረገ ሰው አማርኛ ስም አውጥቶለታል፤ «አደራ በላ» ይባላል። ከሌባም የከፋ ስም ነው። ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ነው፤ አደራ በላ ግን የሚበላው አምኖ የሰጠውን ሰው ነው።

ይህችን ምሳሌ ያመጣኋት ስለ ከብት ለማውራት አይደለም። ስለ ታሪካዊ ከተሞቻችን፥ በተለይም ስለ ላሊበላ፥ አንድ የከረመ ክርክር ለማንሣት ነው። በዚህ ክርክር ሁለት ወገኖች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ቅርስ የሀብት ምንጭ ነው፤ እንደ ቡናው፥ እንደ ወርቁ ገበያ ይውጣ፤ ሆቴል ይሠራ፥ መንገድ ይውጣ፥ የውጭ ምንዛሪ ይግባ፤ በታሪክ ብቻ ሆድ አይሞላም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የለም፥ እጃችሁን አንሡ፤ ነጋዴ የነካው ነገር ሁሉ ይረክሳል፤ ቅርስ እንደ ነበረ ይቀመጥ» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ሰው ረስተዋል ባይ ነኝ፤ ይኸውም ላሚቱን የሚያበላውን፥ የሚያጠጣውንና ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀውን ሰው ነው። አንደኛው ወገን ላሚቱን ቄራ ሊነዳት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አጥር ሰፍቶ «ማንም አይለባት» ይላል። ጠባቂው ምን በልቶ ያድራል ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ይኸ ነው፤ ቅርስ ሸቀጥ አይደለም፥ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ የሙዚየም ዕቃም አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ሕግ አለው። ሕጉን ከሌላ አገር መጽሐፍ መገልበጥ አያስፈልገንም፤ ማንኛዋም የመንደር ባልቴት ታውቀዋለች። ልማትና ጥበቃ ይታረቁ ከተባለ የሚታረቁት በዚህ ሕግ ነው።

የላሊበላን ነገር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ የሰማነውን ያህል ግን አላሰብንበትም። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፥ እንደተፈለፈሉ የሚነገርላቸው 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሌላው ዓለም ሕንፃ ሲሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደራርባል፤ እነዚህ ግን የማይፈለገው ድንጋይ እየተቀነሰ፥ ከላይ ወደ ታች ተወቅረው ወጡ። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሰግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ ከገቡት 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንደኛው ላሊበላ፥ ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር ወጥቶ አገሪቱን ለውጭ ጎብኚ ማስተዋወቅ ተጀምሮ ነበር። እንግዲህ የገበያው ነገር የዛሬ አይደለም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዳሩ ግን ላሊበላ እንደ ሌሎቹ የዓለም ፍርስራሾች የሞተ ነገር አይደለም። ማለዳ ኪዳን ይደረሳል፥ ይቀደሳል፥ ሕፃን ክርስትና ይነሣል፥ ሙት ይፈታል። በገና ዕለት ካህናቱ ገሚሶቹ ከላይ ከማሜ ጋራ ጠርዝ፥ ገሚሶቹ ከታች ከቤተ ማርያም ቅጥር ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ያየ ሰው፥ ቅርስ ማለት ድንጋዩ ነው ቢሉት አይስማማም። ድንጋዩ ዕቃ ነው፤ ቅርሱ በድንጋዩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። ያንን የሚያውቀው፥ የሚያዜመው፥ ለልጁ የሚያስተምረው ሰው ከሌለ ላሊበላ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ነገሬ ቢያስቆጣም እላታለሁ።

አሁን ሁለት እንግዶችን አስተያዩ። አንደኛው ከየገጠሩ ቀናት በእግሩ ተጉዞ፥ ስንቁን በትከሻው ይዞ የሚመጣው ተሳላሚ ነው። ለመግቢያ አይከፍልም፤ መሬት ላይ ይተኛል፤ አፈሩን ለበረከት ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በአውሮፕላን የሚመጣው ጎብኚ ነው። ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ለመግቢያ ሲከፍል ቆይቷል፤ ለመኝታውም፥ ለምግቡም፥ ለአስጎብኚውም ለየብቻ ይከፍላል። በኤኮኖሚ ሚዛን ብንለካው የሁለተኛው ዋጋ ከመቶ ተሳላሚ ይበልጣል። ታዲያ ቦታ ሲጠብ ማን ይቅደም? የገበያ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ለእኔ ግን ቀላል አይደለም፤ ጎብኚው ለማየት የመጣው ራሱ ያንን ተሳላሚ ነውና። ተሳላሚው ተገፍቶ ከወጣ ጎብኚውም የሚያየው አይኖርም። ሸቀጡ በመሸጡ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፥ ድሮም ሸቀጥ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ጥበቃው ነገር እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩ ታሟል። ዝናቡና ፀሐዩ ለዘመናት ተፈራርቀውበት ይሰነጠቃል፥ ይፈረፈራል። ለመጠገን የተደረገው ሙከራም ሁሉ አልቀና። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከእሱ በፊት በጥገና ስም የተለቀለቀውን ሬንጅና ቀለም ከግድግዳው ላይ ማንሣት ነበር። አያችሁ፥ የትናንቱ መድኃኒት ለዛሬው በሽታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ተተከሉ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ዝናቡን ይከላከላሉ፥ ለጊዜውም ነው ተባለ። ዓመታት አለፉ፤ ጊዜያዊው ቋሚ መሰለ። የከተማው ሰው «ነፋስ ጥሎብን ቤተ ክርስቲያኑን እንዳያደቀው» እያለ ሲሰጋ ኖሮ በ2018 አደባባይ ወጣ። በዓመቱ፥ በ2019፥ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው ለጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

እዚህ ላይ መሐንዲስ አይደለሁምና የመጠለያውን ክብደት ልመዝን አልነሣም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል ዕቃውን ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ ሥጋቱን ለማሰማት ለምን ሰልፍ መውጣት አስፈለገው? ዕቅዱ ሲነደፍ የት ነበር? ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ሐኪም እንኳ ሕፃኑን ሲያክም እናቲቱን «የት ጋ ያመዋል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመጠለያው ይልቅ ከበድ ያለው የሰዎቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው በዓለም ባንክ ገንዘብ የተደገፈ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት በላሊበላ ካካተታቸው ሥራዎች አንዱ፥ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን ወደ ከተማው ዳር ማዛወር ነበር። ከጥንታዊዎቹ ክብ የድንጋይ ቤቶች አንዳንዶቹ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ሄዱ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ቤቶቹ ተጠጋግተው ነበር፤ ፍሳሹ ወደ አለቱ ይወርድ ነበር፤ ቦታው ጠቦ ነበር። በዚያ ላይ ከተነሡት መካከል ደስ ብሎት የሄደ መኖሩን አልጠራጠርም። ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ጎጆ መኖር እንደ ሥዕል ያምራል የሚለው ከሩቅ የሚያየው ሰው ነው። ድህነት ቅርስ አይደለም። ማንም ሰው ለሌላው ሰው ፎቶግራፍ ማድመቂያ ሲባል በጭስ ውስጥ ይኑር ሊባል አይገባም። ይህንን ረግጬ የምናገረው፥ ከከተማ ሆነን «ባህሉ ይጠበቅ» የምንል ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሌላው ሰው ጎጆ እንዲጠበቅልን ስለምንፈልግ ነው።

ይሁንና ጥያቄው ይቀራል። ከበራፏ ተቀምጣ ለተሳላሚ ቆሎና ጠላ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች እንበል። ከዳር ወስደን ጥሩ የቆርቆሮ ቤት ብንሰጣት ኑሮዋ ተሻሻለ ወይስ ተቀማች? ቤቷ ሰፍቷል፤ ገበያዋ ግን ጠፍቷል። ደወሉን ከአልጋዋ ሆና ትሰማ ነበር፤ አሁን ጥቂት መንገድ መውጣት አለባት፤ ሲደክማት ትቀራለች፤ ልጇም እየቀረ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በቦታው ጽዱ ሣር፥ የተነጠፈ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ይኖራል፤ አደራውን የሚያውቀው ሰው ግን ከአደራው ርቋል። ይኼ ጥበቃ ነው? ላሚቱን ለማዳን ጠባቂውን ማባረር ነው እንጂ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን እስቲ ባሕር ተሻግረን ሌላ ከተማ እንይ። የኢጣሊያዋ ቬኒስ በውኃ ላይ የተሠራች፥ ዓለም ሁሉ የሚመኛት ከተማ ናት። በ1951 የጥንቱ ከተማ ነዋሪ 175,000 ያህል ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ማንም በዐዋጅ አላባረራቸውም። ቤቱ ለነዋሪ ከሚከራይ ለጎብኚ ቢከራይ ይበልጥ ስለሚያተርፍ፥ ዳቦ ቤቱ ዳቦ ከሚጋግር የጭምብል መታሰቢያ ቢሸጥ ስለሚያዋጣው ነው፤ ሌላም ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት፥ ሰው ቀስ እያለ ወጣ። በ2024 የከተማው አስተዳደር ጎብኚ በሚበዛባቸው ቀናት ለአንድ ቀን ደርሶ ከሚመለሰው ሰው 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረ። ጎብኚ የሚመጣውን ሁሉ አግኝታ፥ ገንዘቡን ሁሉ አግኝታ፥ ቬኒስ ያጣችው ቬኒስያውያንን ነው። እንግዲህ ሰውን ከቅርሱ የሚነቅለው የመንግሥት ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይም ይነቅላል። ትእዛዙ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ኪራዩ ዓመታት ይወስድበታል፤ መጨረሻቸው ግን አንድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሐረር ሌላ ትምህርት ታስተምረናለች። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ግንቧን እንዳቆሙ የሚነገርላት ጁገል፥ በአምስት በሮቿ ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት፥ ገበያተኛዋ የማይቋረጥ ሕያው ከተማ ናት። በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው መስጊዶቿና ግንቧ ብቻ ሳይሆኑ የቤቶቿ አሠራር፥ ከፍና ዝቅ ያለው የውስጥ መደቧ፥ የአኗኗር ዘይቤዋ ጭምር ነው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ። ባለቤቷ እዚያው እየኖረች፥ ለእንግዳው ቡና እያፈላች፥ ከእንግዳው ክፍያ ግድግዳዋን እየጠገነች ከኖረች፥ ይኼ በእኔ ሚዛን ወተቷን መጠጣት ነው፤ ነውር የለበትም። እሷ ከወጣችና ቤቱን ሌላ ባለገንዘብ ገዝቶ መደቡን ለፎቶግራፍ ብቻ ካነጠፈው ግን ጥጃዋ ተሸጠች። ሥራው ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ያም እንግዳ ማሳደር ነው፥ ይኼም እንግዳ ማሳደር ነው። ልዩነቱ ማን ቀረ፥ ማን ሄደ የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ክርክሩን የምትቆርጥ የምትመስለኝን ነገር ላንሣ። ባለቤትና እንግዳ የሚለዩት በደጉ ቀን አይደለም፤ በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ መጣ፤ አውሮፕላኑ ቆመ፥ ሆቴሉ ተዘጋ። በ2021 ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ ላሊበላ በነሐሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፥ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ቀያየረች። በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሊመለስ የጀመረውን ጎብኚ መልሶ አራቀው። በነዚያ ዓመታት ዓለም አቀፉ ወዳጅ ሁሉ ከሩቅ መግለጫ አወጣ፥ አዘነም፤ አልቀየመውም። እዚያው የቀረው ግን ካህኑ፥ ዲያቆኑ፥ መነኩሲቱና የከተማው ሰው ነው። መብራትና ስልክ በጠፋበት ኪዳኑ አልታጎለም። ከተማዋ ከጦርነቱ በወጣች በሳምንታት ውስጥ ገና ሲደርስ ምእመኑ ተመልሶ መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዶላር አልነበረም። ስለዚህ «ያለ ቱሪዝም ቅርሱ አይኖርም» የሚለው አባባል ስሌቱ ግልብጥ ነው፤ ቱሪዝሙ ነው ያለ ቅርሱ ጠባቂ የማይኖረው።

በዚያው ዓመታት ሌላም ነገር ታየ። አስጎብኚው፥ የሆቴል ሠራተኛው፥ መስቀልና ሥዕል ለጎብኚ የሚሸጠው ወጣት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከትምህርት ቤት ይልቅ ፈረንጅ መከተል ያተርፋል ብሎ ደብተሩን የጣለ ልጅ ካለ፥ ፈረንጁም ደብተሩም ቀሩበት። «በሬ ሆይ፥ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ይህንን ነው። አንድን ከተማ በሙሉ በአንድ እንግዳ ኪስ ላይ ማንጠልጠል ልማት ሳይሆን ቁማር ነው። ልማት ማለት ጎብኚው በመጣ ጊዜ የተገኘው ገንዘብ ጎብኚው በቀረ ጊዜ የሚያበላ ነገር ሲያፈራ ነው፤ እርሻው፥ ውኃው፥ ትምህርት ቤቱ፥ የእጅ ሙያው።

እንግዲህ የአደራ ሕግ ያልኩትን ልዘርዝር፤ ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያው፥ አደራ አይሸጥም። ወተቱ ይሸጣል፤ ላሚቱ አትሸጥም። መኝታ ይሸጥ፥ ምግብ ይሸጥ፥ የአስጎብኚ ድካም ይሸጥ። የቅዳሴው ሰዓት ለጎብኚ ሲባል የሚገፋ፥ ታቦት ከመንበሩ ለካሜራ የሚወጣ፥ ጥምቀቱ ለትኬት የሚደገም ከሆነ ግን ላሚቱ ታረደች። የካሜራው ብልጭታ ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ጥቁር መነጽር አድርገው መስቀል የሚያሳዩ ካህናት አሉ፤ ብዙ ሰው ይስቅበታል። እኔ አያስቀኝም። ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ማንም ስላልነገራቸው በመነጽር ራሳቸውን የሚከላከሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው፥ ጠባቂው አስቀድሞ ይጠጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው በዓለም ዝነኛ ቅርስ ሥር ተቀምጦ ውኃ ለሚቀዳበት ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው የተተረተ ይመስላል። ከሚገባው ገንዘብ አስቀድሞ የአካባቢው ሰው ውኃ፥ ጤና ጣቢያ፥ ትምህርት ቤት ካላገኘ፥ ነገ «ቅርሱን ጠብቅ» ሲባል «ለማን ብዬ?» ቢል መልስ የለንም።

ሦስተኛው፥ አደራ በምስክር ፊት ነው። አባቶቻችን አደራ ሲሰጣጡ ሰው ያቆሙ ነበር፤ አደራ ተቀባዩን ስለናቁት አይደለም፤ ሰው ነውና እንዳይፈተን ነው። እዚህ ላይ ለጠባቂው ብቻ እንዳደላሁ የሚያስብ ካለ ይስማኝ፤ ጠባቂውም አደራ በላ ሊሆን ይችላል። ከቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው ጥንታዊ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ፥ በ2001 ከቤልጂክ ሰብሳቢ እጅ ተመልሷል። ባሕር ማዶ ገዢ ባይኖር ሌባ ባልኖረም ነበር፤ ግን በራችንም ካልተከፈተ ገዢው አይገባም። ስለዚህ የመግቢያው ገንዘብ ስንት እንደገባና በምን እንደወጣ ምእመኑም የከተማው ሰውም በግልጽ ሊሰማው ይገባል። ሒሳብ የሚፈራ ጠባቂ ምስክር የሚፈራ ነው።

አራተኛው፥ አደራ ይመለሳል። ለማን? ለሞቱት አይደለም፤ ለሚወለዱት ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ስንት እግር ይርገጠው፥ ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ ሆቴል ይሠራ፥ ሕንፃው ምን ያህል ይርዘም የሚለው ጥያቄ የዛሬ ትርፍና ኪሳራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያልተወለደው ሰው በስብሰባው ላይ ወንበር የለውም፤ አንዳችን ስለ እሱ መናገር አለብን።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱን ግን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። «የራሴ ነው፥ ያሻኝን አደርገዋለሁ» አይባልም ማለት ነው። ይኼ የአደራ ቋንቋ ነው፤ በጠበቃ ልብስ ይምጣ እንጂ። የጎደለው ግን ግዴታ የተጫነበት ሰው መብቱስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ግዴታው በጽሑፍ፥ መብቱ በይሉኝታ ከሆነ ሚዛኑ አልተስተካከለም።

አንድ ጓደኛዬ የኤኮኖሚ ተማሪ ነው፤ ይህንን ሐሳብ ሲሰማ «ስብከት ነው፤ ድንጋይ በስብከት አይጠገንም፥ በገንዘብ እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ። ድሀ አገር ነን፤ ከራሳችን ኪስ ብቻ አንወጣውም። እኔ ግን ገንዘቡ አይምጣ አላልኩም። ገንዘብ ሲመጣ ጌታ ሆኖ ይምጣ ወይስ አገልጋይ ነው የምለው። አበዳሪው፥ ለጋሹ፥ ባለሆቴሉ በየፊናቸው አንድ አንድ ነገር ያዋጣሉ፤ ያዋጡትን ያህል እንዲወስኑ ከፈቀድን ግን ከሁሉም በላይ ያዋጣው ሰው፥ ስምንት መቶ ዓመት ያዋጣው ሰው፥ ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል፤ መዋጮው በብር ስላልተጻፈ ብቻ። ጓደኛዬ «እሱንስ እንዴት ትለካዋለህ?» አለኝ። አይለካም። የማይለካ ነገር ሁሉ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ መለኪያችን አጥሯል ማለት እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይኼ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከመካከላችን ታሪክ፥ አርኪኦሎጂ፥ ሕግ፥ ኪነ ሕንፃ፥ የሆቴል አስተዳደር የሚማር አለ። ነገ ከቢሮ ተቀምጠን «የተነሺዎች ዝርዝር» በሚል ርእስ ሠንጠረዥ የምንሞላው፥ የመጠለያ ንድፍ የምንፈርመው፥ የመግቢያ ዋጋ የምንተምነው እኛ ነን። ያን ጊዜ ሠንጠረዡ ውስጥ የቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር፥ የግምት ዋጋው በብር ይኖራል፤ ሴትየዋ ደወሉን ትሰማ እንደነበረ የሚጻፍበት ዓምድ ግን አይኖርም። ዓምዱን የምንጨምረው እኛ ካልሆንን ማንም አይጨምረውም። መጨመር ማለት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ ከመፈረም በፊት ሄዶ መጠየቅ፥ የተሰማውንም መጻፍ፥ «አይሆንም» ካሉ ደግሞ አይሆንም ማለታቸውን ለአለቃ ደፍሮ መናገር ነው። ይኼ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ድፍረት ግን ይጠይቃል፤ ከትምህርታችን የቸገረንም እሱ ነው።